ወደ ተቀናቃኝ ክለብ የሚሄድ አሠልጣኝ እንዴት ይሰናበት?

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት ብዙ አይፈጅበትም፤ ወሬ ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ጠዋት ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ የክለብ ኃላፊ ጋር ሻይ ሲጠጣ የታየ የደሴ አሠልጣኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደሴ በሚገኘው ሆጤ ሜዳ ልምምድ ሊያሠራ ሲደርስ ተጫዋቾቹ ሁሉን ሰምተው ይጠብቁታል። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ሁለቱም ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ የተጫወቱ ክለቦች ናቸው፤ የአንዱ ደጋፊ የሌላው አማች፣ የአንዱ ተከላካይ የሌላው አጥቂ የሰፈር ልጅ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር አሠልጣኝ ሸኝዎቹን ነገም ከነገ ወዲያም ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ያገኛቸዋልና አካሄዱን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለዋና አሠልጣኞች ነው፤ ረዳቶችና የክለብ ቦርድ አባላትም ድርሻቸውን ያገኙበታል። እኔ ለዓመታት በረዳትነት ስለሠራሁ ነገሩን ያየሁት ከሚሄደው ሰው ይልቅ ከሚቀሩት ወገን ሆኜ ነው፤ ምክሬም ወደዚያው ሊያዘነብል ይችላል።

መሄዱ ጥፋት አይደለም

በየሻይ ቤቱ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚባለው አሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰደበው በመሄዱ ብቻ ነው፤ መሄድ ግን በራሱ ነውር አይደለም። አሠልጣኝ በደሞዝ የሚኖር፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ክለቡ በአንድ ስብሰባ ሊያሰናብተው ይችላል። ክለቡ በእርሱ ላይ ያለውን መብት እርሱ በክለቡ ላይ እንዳይኖረው የሚጠይቅ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ነው። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ካደረጉ በኋላ በ2011 ያንኑ ዋንጫ ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር አንሥተዋል። ይህን ክህደት ነው ያለ የእግር ኳስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የአንዱ ዓመት ውድድር አልቆ፣ ዋንጫው ተሰጥቶ፣ አዲሱ ሥራ የተጀመረው በአዲሱ የውድድር ዘመን ነውና።

ከዚህ ጋር የሃሪ ሬድናፕን ታሪክ ማስተያየት ይጠቅማል። ፖርትስማውዝና ሳውዝሃምፕተን በደቡብ እንግሊዝ የሚገኙ፣ ርቀታቸው ከደሴና ከኮምቦልቻ ርቀት ብዙም የማይበልጥ ሁለት የወደብ ከተሞች ናቸው። ሬድናፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ከፖርትስማውዝ ለቅቆ በቀጣዩ ወር የሳውዝሃምፕተን አሠልጣኝ ሆነ፤ ሁለቱም ክለቦች በአንድ ሊግ ውስጥ ነጥብ እየተሻሙ ሳለ ማለት ነው። በኤፕሪል 2005 ወደ ቀድሞ ሜዳው ሲመለስ አዲሱ ቡድኑ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ሳውዝሃምፕተን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ይባስ ብሎ በዲሴምበር 2005 ሰውየው ተመልሶ ፖርትስማውዝ ገባ። ውድድሩ ሳይጠናቀቅ የተደረገ ዝውውር ሁለቱንም ከተሞች እንደሚያስቀይም ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የሚገኘው አሠልጣኙ መሄዱን አውቆ ሌሎቹ በማያውቁበት ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ጊዜ አንድ ቀን ከሆነ ማንም አይጎዳም፤ አንድ ወር ከሆነ ግን በዚያ ወር የተደረገ ቅያሪ ሁሉ፣ የተሸነፈ ጨዋታ ሁሉ፣ የተቀመጠ ተጫዋች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመረመራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው ይህን ጊዜ እንዴት ማሳጠር እንደሚቻል የሚናገር ነው።

የመጀመሪያው ስልክ ሲደወል

የመጀመሪያውን ስልክ የሚደውለው ብዙ ጊዜ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አይሆንም። የድሮ ተጫዋች፣ ክለቡን በገንዘብ የሚረዳ ነጋዴ ወይም የሁለታችሁም ወዳጅ የሆነ ሰው ይሆንና ነገሩ በሰላምታ ተጀምሮ «እንዲያው ብትጠየቅ ምን ትላለህ?» በሚል ጥያቄ ይጠናቀቃል። ደዋዩ ኃላፊነት የሌለበት ሰው የሚሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ነገሩ ቢከሽፍ ክለቡ «አልጠየቅንም» ለማለት እንዲመቸው። እርስዎም እንዲያው በጨዋታ መልክ የሰጡት መልስ በማግሥቱ «ተስማምቷል» ተብሎ እንደሚወራ ይገምቱ። የሚሻለው መልስ አጭር ነው፦ «ውል አለብኝ፤ ከፈለጋችሁኝ ለክለቤ በደብዳቤ ጻፉ።» ደዋዩ በዕድሜ የሚበልጥዎ ከሆነ አንቱ ብለው፣ ጤናቸውንና ልጆቻቸውን ጠይቀው ይህንኑ ይበሉ፤ አክብሮቱ ቃሉን አያላላውም።

ስለ ደሞዝ፣ ስለ ፊርማ ገንዘብ ወይም ስለ ሥራ መጀመሪያ ቀን አንድ ቃል እንደተነሣ ግን ነገሩ ከወሬ አልፏል። በዚያው ቀን፣ ካልሆነ በማግሥቱ፣ ለክለብዎ ሰብሳቢ ወይም ሥራ አስኪያጅ በአካል ቀርበው ይንገሩ። ብዙ አሠልጣኞች «ገና ያልተቋጨ ነገር ምን ብዬ እነግራለሁ?» ይላሉ። ከመጠየቅዎ በላይ የሚነገር ነገር የለም፤ ተጠይቄያለሁ፣ እያሰብኩበት ነው፣ በዚህ ቀን አሳውቃችኋለሁ ማለት ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ የለብኝም፦ ቀድሞ የተናገረ አሠልጣኝ ሁልጊዜ አይመሰገንም። የሰማው ሰብሳቢ ተቆጥቶ በዚያው ሳምንት ሊያሰናብተው ይችላል። ክለቡ እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳለው አስቀድመው የሚያውቁ ከሆነ ንግግሩን በጽሑፍ አድርገው ቅጂ ይያዙ፤ መናገሩን ግን አይተዉት።

የቀረበልዎትን ጥያቄ የደሞዝ ጭማሪ ማስፈራሪያ አያድርጉት። አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሁለተኛ አይሠራም።

ሁለቱ ክለቦች በመሐል ቢገናኙ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ማርኮ ሮዘ የቦሩሲያ ሞንሸንግላድባኽ አሠልጣኝ ሳለ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ከውድድሩ ዘመን በኋላ ወደ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ እንደሚሄድ ተገለጸ። በውሉ ውስጥ እንዲለቅ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረ፤ ማስታወቁም በግልጽ የተደረገ ነው፤ በሕግ በኩል እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን ከማስታወቂያው በኋላ ግላድባኽ በተከታታይ 7 ጨዋታ ተሸነፈ፤ ከእነዚህ አንዱ በጀርመን ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በዶርትሙንድ 1 ለ 0 የተሸነፈበት ነው። ሮዘ ያን ቀን ቡድኑ እንዲያሸንፍ አልፈለገም ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ሆኖም ተጫዋቹ ልቡ ሁለት ቦታ የተከፈለ የመሰለውን ሰው ትእዛዝ በሙሉ ልቡ ይቀበል ዘንድ መጠበቅም ከባድ ነው።

እኔ ራሴ የገጠመኝን ልናገር። አብሬው የሠራሁት አንድ ዋና አሠልጣኝ ከጎረቤት ክለብ ጋር ተነጋግሮ ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳይተነፍስ ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት ከዚያው ክለብ ጋር ስንጫወት ዋናው አጥቂያችን አልተሰለፈም። ልጁ በእርግጥ ጭኑን ታሟል፤ ዓርብ ዕለት ፋሻውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ተሸነፍን፤ ሰውየው በቀጣዩ ሳምንት ሄደ። ከዚያ በኋላ የልጁን ጉዳት የሚያምን አልተገኘም፤ እኔም «ያሰርኩት እኔ ነኝ» ብል «አንተም አብረህ ነበርክ ማለት ነዋ» ተባልኩ። አሠልጣኙ ጨዋታውን አልሸጠም፤ በዚህ እምላለሁ። ዝምታው ግን ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለእኔና ለአጥቂው ጭምር ስም ሰጠን፤ አጥቂው እስከ ዛሬ «የታመመው» እየተባለ ይጠራል።

ከዚህ በመነሣት የምሰጠው ምክር ጥብቅ ነው። ንግግር ላይ ባሉበት ጊዜ ከዚያ ክለብ ጋር ጨዋታ ከደረሰ ለቦርዱ አሳውቀው ያን ጨዋታ ረዳትዎ እንዲመራው ይጠይቁ። ቦርዱ «አንተው ምራ፣ እናምንሃለን» ካለ ይምሩ፤ የተጎዱ ተጫዋቾችን ዝርዝር ግን ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ለቡድን መሪው በጽሑፍ ይስጡ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኛ በዚያ ዕለት አንዲት እንዲህ ያለች ወረቀት ኖራን ቢሆን ብዙ ንግግር ይቀር ነበር።

ውሉን ማንበብ

የውሉን ነገር ሕግ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ጥሩ ነው፤ ሦስት ነጥቦች ግን እርስዎም ማወቅ ይገባዎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 31 ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ውልዎ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ወይም የካሣ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ያንን ከመፈረምዎ በፊት እንጂ ከሄዱ በኋላ አይከራከሩበት። ሁለተኛው የፊርማ ገንዘብ ነው። ለሁለት ዓመት ተብሎ የተሰጠን ገንዘብ በስድስተኛው ወር ይዞ መሄድ፣ ውሉ ዝም ቢል እንኳ፣ የቀረውን ጊዜ ድርሻ ለመመለስ ያስገድዳል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙውን ጊዜም አዲሱ ክለብ ይህን እንዲሸፍን መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛው የተጠራቀመ ደሞዝ ነው፤ በእኛ አገር አሠልጣኞች ከሚለቁባቸው ምክንያቶች ዋናው ይኸው ይመስለኛል። ፊፋ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የአሠልጣኞች ደንብ መሠረት ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ በወቅቱ ካልከፈለ፣ አሠልጣኙ በጽሑፍ ጠይቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ደንቡ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ባሕርይ ያላቸውን ውሎች ቢሆንም ሥርዓቱ ለማንም ይበጃል፦ መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ውሳኔ። ደሞዝ ያልተከፈለው አሠልጣኝ ተበድሏል። ነገር ግን ሳይጽፍ፣ ሳይጠይቅ፣ አንድ ማለዳ ቁልፉን ለጥበቃ ሰጥቶ ኮምቦልቻ የታየ እንደሆነ ተበዳይነቱን የሚያስታውስለት ሰው አያገኝም።

ምን ይዞ መሄድ ይገባል

አሠልጣኝ ሙያውን ትቶ አይሄድም። የልምምድ አሰጣጡ፣ የማዕዘን ምት አደራደሩ፣ ቡድን የማንበብ ችሎታው የራሱ ነው። የቀድሞ ቡድኑ ግራ መስመር ተከላካይ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚዘገይ ለአዲሶቹ ተጫዋቾች ቢናገርም አያስወቅሰውም። ችግሩ የሚጀምረው በር ተዘግቶ ከተነገረው ነገር ላይ ነው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ይህን ነገር ትኬት ቆርጦ ሆጤ የገባ ተመልካች ሊያየው ይችል ነበር? ቅጣት ምት መቺው ሁልጊዜ ኳሱን ወደ ግብ ጠባቂው ቀኝ መላኩን ማንም ያያል፤ ይናገሩት። ያው ልጅ እናቱ ሆስፒታል ተኝታ ሌሊቱን ሲያስታምም እንደሚያድር ግን ያወቁት አባት መስለው ስለታዩት ነው፤ ይህ ከእርስዎ ጋር ይቀበር። በወሎ ቡድን ውስጥ ረመዳንን የሚጾመውና ዓቢይ ጾምን የሚጾመው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ አሠልጣኙም የልምምዱን ሰዓት ሲያስተካክል ማን በጾም ወቅት ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እንደሚደክም፣ ማንስ ጾሙን ደብቆ እንደሚጫወት ያውቃል። ይህን ዕውቀት «በዚያ በኩል አጥቁ» ብሎ ለተጋጣሚ መስጠት በእኔ ዘንድ ጨዋታ ከመሸጥ ብዙም አይለይም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ኳስ በቴስታ መግጨት የሚፈራ ተከላካይ፣ ክለቡ ደሞዝ ስላዘገየበት ቤት ኪራይ የተቸገረ አማካይ፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ለእርስዎ ብቻ የነገረዎት ወጣት፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የሕክምና ወረቀቶችንና የውል ቅጂዎችን ከስልክዎ ያጥፉ፤ ከቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪነቱን ለረዳትዎ አስተላልፈው ይውጡ። አዲሱ ክለብ እነዚህን ቢጠይቅዎ ነገ እርስዎን አስመልክቶ ሌላውን ሰው እንደዚሁ እንደሚጠይቅ ያስቡ።

ተጫዋች ይዞ መሄድስ? ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነጻ ሰው ነው፤ ውል ያለበትን ግን በክለቡ በኩል እንጂ በእጅ ስልኩ አይጠይቁት። በተለይ ከታዳጊ ፕሮጀክት ያሳደጓቸውን ልጆች ቢያንስ አንድ የዝውውር ጊዜ እስኪያልፍ ይተዉአቸው። ልጁ እንቢ ሊልዎ አይችልምና ጥያቄዎ ጥያቄ አይሆንም። የረዳቶች ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ አብረውዎት ለመሄድ ለራሳቸው የሚወስኑ ትላልቅ ሰዎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን ይዞ መሄድ ግን ቡድኑን ያለ አንድ አሠልጣኝ ማስቀረት ስለሆነ ቢያንስ አንዱ ተተኪ እስኪገኝ ይቆይ።

ስንብቱ

ሰብሳቢው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ረዳቶች፣ ከዚያ አምበሉ፣ ከዚያ ተጫዋቾቹ በሙሉ፣ ከዚያ የደጋፊ ማኅበሩ ተወካዮች፣ በመጨረሻ ሕዝቡ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ቢያልቅ ይመረጣል፤ ጠዋት ከልምምድ በፊት የተጀመረ ነገር እስከ ማታ ይጠናቀቃል። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ልታደርግ ሁለት ቀን ሲቀራት ሁለን ሎፔቴጊን ያሰናበተችው፣ ከሬያል ማድሪድ ጋር የተደረገውን ስምምነት ፌዴሬሽኑ የሰማው ለሕዝብ ሊገለጽ ደቂቃዎች ሲቀሩት በመሆኑ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢጠበቅ ኖሮ ምናልባት ቡድኑን ይዞ ሜዳ በገባ።

ለተጫዋቾች የሚነገረው አጭር ይሁን። «ከዛሬ ጀምሮ አሠልጣኛችሁ አይደለሁም፤ የምሄደው ወደ እንትን ክለብ ነው፤ የነገራችሁኝ ነገር ሁሉ እዚሁ ይቀራል፤ ያጠፋሁባችሁ ካለ ይቅር በሉኝ።» የሚሄዱበትን ክለብ ስም አለመናገር፣ «ለጊዜው ዕረፍት እፈልጋለሁ» ማለት፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን በሌላ ማሊያ መታየት ከሁሉ የከፋው አወጣጥ ነው።

ደብዳቤውን ካስገቡ በኋላ ሽማግሌ ሊላክብዎ ይችላል፤ በወሎ ልማድ ሼኹና ቄሱ አብረው ቢመጡ አይደንግጡ። አስቀምጠው ቡና ያፍሉ፤ በአቦሉ ይስሙ፣ በቶናው ይመልሱ፣ ከበረካው በፊት ማንም አይነሣ። ፈርመው ከሆነ «ፈርሜያለሁ» ይበሉ። ሽማግሌን «አስብበታለሁ» ብሎ መሸኘት አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን የቆረጡበትን ነገር እንዳልቆረጡ ማስመሰል ስለሆነ በኋላ ቅሬታው ከክለቡ አልፎ ወደ ሽማግሌዎቹ ይደርሳል። ካልፈረሙ ደግሞ የሚሄዱበትን ምክንያት ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው፤ የደሞዝ ጉዳይ ከሆነ ሽማግሌው ለቦርዱ የሚያቀርበው ነገር ያገኛል።

ለክለቡ ቦርድ የምለው ጥቂት ነው። የሄደን አሠልጣኝ ለመቅጣት ሲባል የሥራ ልምድ ማስረጃ ወይም ክሊራንስ መከልከል የሚያስጠይቅ ነው፤ ማስረጃው ሠራተኛው ሲጠይቅ በሕግ የሚሰጥ እንጂ የመልካም ጠባይ ሽልማት አይደለም። ቀጣሪው ክለብም ሰውየውን በተረከበበት ማግሥት ስለ ቀድሞ ቡድኑ አሰላለፍ አያስጨንቀው።

ወደ ቀድሞ ሜዳ ሲመለሱ

አንድ ቀን ከአዲሱ ቡድን ጋር ሐረጎን መልሰው ይወጣሉ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ የሜዳ ሠራተኞቹን፣ ኳስ አቀባዮቹንና የቀድሞ ረዳትዎን ቀድመው ሰላም ይበሉ፤ ተጫዋቾቹን ግን ከጨዋታው በኋላ ያግኟቸው፤ በጨዋታው ዋዜማ የተደረገ መተቃቀፍ ለሁለቱም ወገን ጥርጣሬ ይሆናል። ይሰድቡዎታል። አይመልሱ፣ እጅዎንም ወደ ጆሮዎ አያድርጉ። በቀድሞ ክለብ ላይ ጎል ሲገባ መደሰት አይገባም የሚለውን ወግ እኔ ለተጫዋች እንኳ ብዙ አላምንበትም፤ አሁን የሚከፍልዎት ሌላ ነውና ይደሰቱ፣ ሩጫውን ብቻ ይተዉት።

ቤተሰብዎ ደሴ ቀርቶ እርስዎ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ከሆነ ልጆችዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። በትምህርት ቤት የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው፤ አባታቸው ለምን እንደሄደ ከሰፈር ልጆች ከመስማታቸው በፊት ከእርስዎ አፍ፣ ደብዳቤውን ባስገቡበት ዕለት ማታ ይስሙት።